ከማዕድን ሠፈሩ እስከ ጥቁሩ ጋሪ፦ ኮርንዎል፣ ፔንሲልቬንያ

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ባለቤቴ ፔንሲልቬንያ፣ ሌባኖን አጠገብ ሥራ አግኝቶ ከሜሪላንድ ልንነሳ ነው። ያየነው ቤት ኮርንዎል ውስጥ «ማይነርስ ቪሌጅ» የሚባል ሠፈር ነው። የድንጋይ ቤቶቹ ደስ ብለውኛል። ግን አካባቢው በፈረስ ጋሪ የሚሄዱ ሜኖናይቶች (የፕሮቴስታንት ክርስትና ተከታዮች) የበዙበት ነው አሉኝ። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። ኑሮው እንዴት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ ከዚያ ሠፈር አሥር ደቂቃ ላይ ስኖር ስድስት ዓመቴ ነው። በመጀመሪያ «ሌባኖን» ብትዪ ማንም አይገባውም። እዚህ «ሌብነን» ነው የሚሉት።

ደግሞ ሁለቱን ነገር አትቀላቅዪ። ማይነርስ ቪሌጅ የሜኖናይት መንደር አይደለም። ስሙ እንደሚለው የብረት ማዕድን ሠራተኞች ሠፈር ነበር። የኮርንዎል ብረት ማቅለጫ እ.ኤ.አ. በ1742 ተተክሎ እስከ 1883 ሠርቷል። አሁን ሙዚየም ነው፣ ልጆቹን ውሰጃቸው። ያ ምድጃ በቀን የአንድ ኤከር ገደማ ጫካ ከሰል ይበላ ነበር ይባላል። እኛ ከሰል ሲባል ጀበና ነው የሚታየን! ማዕድኑ ግን እስከ 1973 ቀጥሏል። የመጨረሻው ባለቤት ቤተልሔም ስቲል የተባለው የብረት ኩባንያ ነበር። በ1972 አግነስ የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ጎርፍ ጉድጓዱን አጥለቀለቀው፣ በዓመቱ ተዘጋ። ዛሬ ትልቅ ሐይቅ ሆኗል። ያምራል፣ ግን መዋኛ አይደለም። ይህን ለልጆቹ ከመጀመሪያው ቀን ንገሪያቸው።

ሜኖናይቶቹ ያሉት ዙሪያውን፣ እርሻው ላይ ነው። አብዛኞቹን አትለያቸውም። መኪና ይነዳሉ፣ እንደማንኛውም ሰው ይለብሳሉ። ባለጋሪዎቹ የድሮውን ሥርዓት የያዙት ናቸው። ጋሪው ጥቁር ከሆነ ሜኖናይት፣ ግራጫ ከሆነ የላንካስተር አሚሽ ነው፤ አሚሾች የሜኖናይቶች ዘመድ የሆኑ ክርስቲያኖች ናቸው። ባለጋሪዎቹ ሜኖናይቶች ብስክሌት ይነዳሉ፣ ትራክተርም አላቸው። የትራክተሩ ጎማ ግን ብረት ነው። ላስቲክ ከሆነ እንደ መኪና ከተማ ይወሰድበታል ብለው ነው።

አንድ ጥፋቴን ልንገርሽ። የመጣሁ ሰሞን ሥራ ረፍዶብኝ ዳገት ላይ ከጋሪ ኋላ ተያዝኩ። ክላክስ ነፋሁ። ፈረሱ ደንብሮ ወደ ጎን ዘለለ፣ ጋሪው ቦዩ አፋፍ ላይ ቆመ። የምትነዳው ሴትዮ ልጓሙን ሰብስባ ዞር አለችና እጇን አነሳችልኝ፣ ልክ እንደ ሰላምታ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ክላክስ አትንኪ። ራቅ ብለሽ ተከተዪ።

ይቀበሉናል ወይ ብለሽ ሳትሰጊ አትቀሪም። ፈጥነው አይቀርቡም፣ እውነት ነው። እኔን ያቀራረበኝ ቲማቲም ነው። መንገድ ዳር የሚሸጡ ባልና ሚስት አሉ። ሽማግሌው ከየት ነህ አሉኝ። «ናዝሬት ተወልጄ» ስል «ታዲያ ቅርብ ነው፣ ቤተልሔም አጠገብ» አሉ። ለካ ፔንሲልቬንያም ናዝሬትና ቤተልሔም አላት! ሚስትየው ሳቁና «የኢትዮጵያውን ነው የሚልህ» አሏቸው። አክስታቸው እዚያ ነርስ ነበሩ። ሆስፒታሉን፣ የእኛን ኃይለማርያም ማሞን፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የጀመሩት የሜኖናይት ሚሲዮኖች ናቸው። ስንት ድሬሰር (የሕክምና ረዳት) የሠለጠነበት ነው። ብዙዎቹ የተላኩት ደግሞ ከዚሁ፣ ከላንካስተር። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ከዚያ ሥራ ነው የተነሳችው። በእኛ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ደርግ ሲዘጋት ምእመኑ በየቤቱ ተሰበሰበ። ዛሬ በዓለም ካሉት ትልልቅ የሜኖናይት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ይህን ሁሉ የሰማሁት ግን ቲማቲም እየመረጥኩ ነው።

ጥያቄ፦ እግዜር ይስጥልን! እንጀራና ቅቤስ?

መልስ፦ እንጀራ ወይ ትጋግሪያለሽ ወይ ፊላደልፊያ ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ትነጃለሽ። ያለ መኪና እዚህ ኑሮ የለም፣ ሁለት ቢሆን ይሻላል። ቅቤውን ከገበሬዎቹ ግዢ፣ እሁድ ግን ሱቃቸው ዝግ ነው። አንጥሬ ለሚስትየው አንድ ብልቃጥ ብወስድላቸው እንቁላል ጠበሱበት፣ አሁን በየወሩ ይጠይቁኛል። ኮሰረቱን ግን ከሜሪላንድ ይዘሽ ነይ። ለእኔም ጨምሪልኝ።