«ኦሪጅናል ነው» ይበቃል? የስልክን ቨርሽን ሻጭ ይናገር ወይስ ገዢ ይጠይቅ?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዚህ ሳምንት ክርክር የተነሳው ከአንዲት አባላችን ገጠመኝ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አይፎን 14 ገዛች። «ኦሪጅናል ነው፣ ንጹሕ ነው» ተባለች። ቤት ገብታ ሲሟን ልትከት ስልኩን ብታገላብጠው ብታገላብጠው ማስገቢያ የለውም። ተመልሳ ስትሄድ ሻጩ «የአሜሪካ ነዋ! አልጠየቅሽኝም» አላት። እንግዲህ ጥያቄው ይኸው ነው፦ ሻጭ የሚሸጠው ስልክ የየት አገር ቨርሽን እንደሆነ ደረሰኝ ላይ እንዲጽፍ በሕግ ይገደድ? ወይስ መጠየቅ የገዢው ፋንታ ነው? የሱቅ ስም መጥራት ክልክል ነው፤ ስድብም እንደዚያው።

ባለሱቁ፦
ስልክ ሻጭ ነኝ፣ ስለዚህ ቀድሜ ልምጣና ልወቀስ። ደንበኛ ሱቄ ሲገባ የሚጠይቀኝ ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ነው? ባትሪው ስንት ፐርሰንት ነው? ስንት ጂቢ ነው? «የየት አገር ነው» የሚለኝ ሰው ከመቶ አንድ አይሞላም። ያ ሲም የሌለው 14 ከባለሲሙ በርካሽ ነው የሚሄደው፤ ልጅቷም ርካሽነቱን አይታ ነው የወሰደችው። ስልኩ አልተሰበረ፣ አልተቆለፈ፣ ፎርጅድ አይደለ። ካርድ የማይፈልገው፣ ስልኩ ውስጥ የሚጫነው ኢሲም በኢትዮ ቴሌኮም አለ፣ ሄዳ ታስቀይር። ምኑ ላይ ነው ማጭበርበሩ?

የመገናኛው ጠጋኝ፦
ባለሱቅ ወንድሜ፣ ኢሲም መኖሩ ልክ ነው። የማትናገረው ቀሪውን ነው። ሲም ካርድ ያለው ሰው ስልኩ ውኃ ሲገባበት ሲሙን ነቅሎ አሮጌ ቀፎ ላይ ሰክቶ ሥራውን ይቀጥላል። የቴሌብሩም የባንኩም ኮድ የሚመጣው በዚያው ቁጥር ነው። ባለኢሲሙ ስክሪኑ ከሞተበት መታወቂያውን ይዞ አገልግሎት ማዕከል ሊሰለፍ ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው የግማሽ ቀን ጣጣ ነው። ገጠር ላለ ሰውስ?

ባለፈው አንድ ልጅ ይህንኑ 14 ይዞ መጥቶ «ሲም ማስገቢያ ብሳልኝ» አለኝ። ሳቄን ውጬ ከፍቼ አሳየሁት። ሌላ አገር በሚሸጠው 14 የሲሙ ቤት የሚቀመጥበት ቦታ ላይ፣ የአሜሪካው ውስጥ ያለው ቁራሽ ፕላስቲክ ነው፤ ክፍቱን ቦታ ለመሙላት ብቻ የገባ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ትንሽ አየውና «ክደነው» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

ለማያውቅ ባጭሩ። አንድ ስም ያለው ስልክ እንደሚሸጥበት አገር ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አይፎን 14 የአሜሪካው ኢሲም ብቻ ነው፣ የአውሮፓው አንድ ሲምና ኢሲም ነው፣ የቻይናውና የሆንግ ኮንጉ ሁለት ሲም ካርድ ይይዛል። ማወቅ የፈለገ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ገብቶ ሞዴል ነምበር የሚለውን ያንብብ። ከስላሿ በፊት ያሉት ፊደላት አገሩን ይናገራሉ፦ ኤልኤል አሜሪካ፣ ሲኤች ቻይና፣ ዜድፒ ሆንግ ኮንግ፣ ጄ ጃፓን። የመጀመሪያዋ ፊደልም ወሬ አላት። ኤም ከሆነ አዲስ ሆኖ የተሸጠ፣ ኤፍ ከሆነ ኩባንያው ራሱ አድሶ የሸጠው፣ ኤን ከሆነ ለተበላሸ ስልክ በምትክ የተሰጠ ነው። «ካርቶኑ ገና አልተቀደደም» ተብላችሁ ኤን ካያችሁ ካርቶኑ ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

ስልኩ ጠፍቶም ቢሆን ከ12 እስከ 14 ያሉትን የአሜሪካ አይፎኖች በዓይን መለየት ይቻላል። በቀኝ ጎኑ፣ ከማብሪያው ቁልፍ ዝቅ ብሎ፣ እንክብል የመሰለች ሞላላ ምልክት አለች። አሜሪካ ውስጥ ላለ አንድ የ5ጂ ዓይነት የተተወች መስኮት ናት፤ እኛ ጋ ጌጥ ናት።

ባለሱቁ፦
ፊደላቱን እኔም አውቃቸዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደረሰኝ ላይ ቨርሽን ጻፍ የተባልኩ ቀን የሚጠቀመው ደረሰኝ የማይቆርጠው ጎረቤቴ ነው። በሻንጣ አስገብቶ በቴሌግራም የሚሸጠውን ማን ያስጽፈዋል? ሕጉ የሚያገኘው በር ከፍቶ ግብር የሚከፍለውን ብቻ ነው።

የቨርጂኒያው፦
እዚህ ላይ ከባለሱቁ ጋር ነኝ። ሰዎች ደግሞ ቨርሽንና ሎክ ሲያምታቱ አያለሁ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የአሜሪካ ቨርሽን ሁሉ የተቆለፈ አይደለም። ሎክ የሚባለው ስልኩን በወርኃዊ ክፍያ የሰጠህ የቴሌኮም ድርጅት ዕዳህ እስኪያልቅና ጊዜው እስኪሞላ የሌላ ድርጅት ሲም እንዳይቀበል ሲያደርገው ነው። እኔ ራሴ ዕዳው ሳያልቅ ለወንድሜ ላኩለት፤ ጎንደር ሲከፍተው «ሲም ኖት ሰፖርትድ» አለው። ስምንት ወር መሳቢያ ውስጥ ተኛ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የማንም ሻጭ አይደለም። አባውት ውስጥ ወረድ ብሎ ካሪየር ሎክ የሚል መስመር አለ፤ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ነጻ ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አዋቂ ሰው ይህን ያህል ብር ይዞ ወጥቶ አንድ ደቂቃ ካላነበበ ምን ሕግ ያድነዋል?

የመገናኛው ጠጋኝ፦
የቨርጂኒያው፣ ያ መስመርም ሁልጊዜ አያድንም። የተቆለፈ አይፎን ሲም ሥር የምትለጠፍ ቺፕ አለች፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች። ስልኩን ታታልለውና ኔትወርክ ይስባል። ሻጩ ሲሙን ራሱ ያስገባልሃል፣ ራሱ ይደውልልሃል፣ «ይኸው ይሠራል» ይልሃል። አፕዴት ያደረግህ ቀን ኔትወርኩ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ወደኔ የመጣውን ሰው ቤት ይቁጠረው። ሲሙን ስትነቅል ሁለት ነገር ከወጣ አትግዛ።

ኖት 9 ባለቤት፦
ከአይፎን ወጣ በሉ እስቲ። የኔ ሳምሰንግ የኮሪያ ነው፤ ሞዴሉ መጨረሻ ላይ ኤን አለበት። ገዝቼው አንድ ወር በጣም ደስተኛ ነበርኩ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ ቀብር ላይ፣ ቄሱ ፍትሐት እያደረሱ፣ የመጡትን ዘመዶች ላንሳ ብዬ ስልኩን ሳይለንት አድርጌ ነካ ሳደርገው «ቸክ!» ሰው ሁሉ ዞረ። ደግሜ ድምፁን እስከ ታች ቀንሼ፣ «ቸክ!» እናቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። ለካ ኮሪያ ውስጥ ሰዎች ተደብቀው እንዳይነሱ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ካሜራው ድምፅ እንዲያሰማ ተወስኗል፤ ድምፁን ማጥፊያ የለውም። ይህን የነገረኝ የለም። ነግረውኝም ቢሆን እገዛው ነበር መሰለኝ፣ ግን ቀብር ይዤው አልሄድም ነበር።

ጋሽ ሕጉ፦
ልጆች፣ አዲስ ሕግ ከማውጣት በፊት ያለውን አንብቡ። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ሲም የሚቀበል መሆኑና አለመሆኑ ስለ ዓይነቱ መረጃ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? «አልጠየቅሽኝም» የሚለው መልስ በዚህ አዋጅ ፊት አያስኬድም ባይ ነኝ። ዳቦ ስትገዛ «ውስጡ ዱቄት አለው ወይ» ብለህ አትጠይቅም።

ተጠራጣሪው፦
ጋሼ፣ ሐሳብዎ ጥሩ ነው፤ የምፈራው ሌላ ነው። መስከረም 2010 የቀፎ ምዝገባ ሲጀመር አስታውሱ። ያኔም ፎርጅድና ኮንትሮባንድ ለመከላከል ነው ተባለ። የሆነው ግን ዘመድ የላከለት ሰው ሁሉ ኮከብ መሰላል ዜሮ ስድስት መሰላል እያለ የቀፎውን መለያ፣ የአይኤምኢአይ ቁጥሩን፣ ይዞ ወረፋ መያዝ ነበር። ምዝገባው በኋላ ቀርቷል። «ቨርሽን ይመዝገብ» ስትሉ እኔ የሚታየኝ ያው ሰልፍ ነው።

ጋሽ ሕጉ፦
ሰልፍ ያለ ማን ነው? ሻጩ አንድ መስመር ይጻፍ ነው የምለው። «አይፎን 14፣ የአሜሪካ፣ ሲም ማስገቢያ የለውም።» ስምንት ቃል አይሞላም። የመንግሥት ቢሮ ደጅ የሚረግጥ ሰው የለም።

ሬድሚ የነበረኝ፦
የኔን ስሙኝና ፍረዱ። በርካሽ አዲስ ሬድሚ አገኘሁ። ሜኑው እንግሊዝኛ፣ ፕሌይ ስቶር አለው፣ «ግሎባል ነው» ተባልኩ። ለካ ቀፎው ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው። የቻይናው ሶፍትዌር ፕሌይ ስቶር ተጭኖበት አይመጣም፣ ቋንቋውም ከቻይንኛና ከእንግሊዝኛ እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ አንድ ሰው ሌላ ሶፍትዌር እንዳይጫን የሚከለክለውን ቁልፍ፣ ቡትሎደሩን፣ ከፍቶ የግሎባሉን ሶፍትዌር ፍላሽ አድርጎበታል። የባንክ መተግበሪያዬ ልግባ ስለው «መሣሪያዎ ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ነው» እያለ አስቸገረኝ። ሠፈር ያለ ልጅ «የተከፈተውን ልዝጋልህ» ብሎ ዘጋው። ስልኩ ተነሳና ይህ ሶፍትዌር በዚህ ስልክ ሊጫን አይችልም የሚል ጽሑፍ አወጣ። በቃ። እዚያው ላይ ቀረ። ለኔ «አንብብ» አትበሉኝ፤ አባውት ውስጥ የተጻፈው ራሱ ውሸት ነበር።

የቨርጂኒያው፦
ይኼ ቨርሽን ሳይሆን ማጭበርበር ነው። ልዩነት አለው።

የመገናኛው ጠጋኝ፦
ልዩነቱ ቀጭን ነው። ሻጩ «የቻይና ቀፎ ነው፣ ሶፍትዌሩ ተቀይሯል» ቢለው ኖሮ ማጭበርበር አይባልም ነበር፤ ልጁም አይዘጋውም ነበር። ሁሉንም የሚለያት ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት።

ሳምሰንግም ላይ ቢሆን ስሙ አንድ ሆኖ ሆዱ ሌላ ነው። የኤስ24 ዋና ቺፕ አሜሪካ ስናፕድራገን ነው፣ አውሮፓ ኤግዚኖስ ነው። አልትራው ግን የትም ስናፕድራገን ነው። ደንበኛ ዩቲዩብ ላይ የአሜሪካውን ግምገማ አይቶ መጥቶ የአውሮፓውን ይገዛል። ብዙ ሰው ልዩነቱ ላይታወቀው ይችላል፣ አልዋሽም። የሚታወቀው ዋስትና ላይ ነው። የሳምሰንግ ዋስትና በተገዛበት አገር የታጠረ ነው፤ ከውጭ የመጣውን ይዘህ እዚህ ብትሄድ እጅህን አውለብልበህ ነው የምትመለሰው።

ቴክኖ ይሻላል፦
እኔ የምላችሁ፣ ቴክኖ ገዝታችሁ አትገላገሉም? እናት ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እዚሁ አገር ይገጣጥማል። ሁለት ሲም አለው፣ ሬዲዮ አለው፣ ሲበላሽ ካርልኬር የሚባለው ጥገና ማዕከሉ ትወስዱታላችሁ። ቨርሽን ምናምን የለ።

ባለሱቁ፦
ደንበኞቼን አትውሰድብኝ ወንድሜ 😄

ባሕሬን ያለችው፦
ስከታተላችሁ ነበር፣ አሁን ግን ልቤ ደንግጧል። የምሠራው ባሕሬን ነው። እናቴ ደሴ ናት፤ ዕድሜዋ ሄዷል፣ ስልክ የምትነካካላት የጎረቤት ልጅ ናት። ለበዓል ብዬ አይፎን 17 ገዝቼላታለሁ፣ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩበት ነው። «ከአሜሪካ አትግዢ፣ ከዐረብ አገር ከሆነ ሲም አለው» ብለውኝ ነው። ልክ ነው አይደል?

የመገናኛው ጠጋኝ፦
እህቴ፣ ያ ምክር እስከ 16 ድረስ ልክ ነበር። 17 ሲወጣ ተቀየረ። ባሕሬን፣ ኩዌት፣ ኦማን፣ ኳታር፣ ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ስድስቱም የገልፍ አገሮች ላይ የሚሸጠው 17 ኢሲም ብቻ ነው። «የዱባይ ነው፣ አትጠራጠር» የሚለው የሱቅ አባባል ጊዜው አልፎበታል። ድሮም ቢሆን የኤምሬትሱ ስልክ ለዓመታት ፌስታይም፣ የአይፎኑ ቪዲዮ ጥሪ፣ የሌለበት ነበር፤ እሱን የሚያነሳው ሰው ግን አልነበረም።

የቨርጂኒያው፦
ሁለቱንም ጎን እንናገር ከተባለ፣ ሲም የሌለው 17 ፕሮ ባትሪው ይበልጣል፤ 4252 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው፣ ባለሲሙ 3988። ሌባ ቢወስደውም ሲሙን ነቅሎ መጣል አይችልም። ለኔ ቢጤ ይሻላል።

የመገናኛው ጠጋኝ፦
ለአንተ ቢጤ አዎ። እሷ የምታወራው ስለ እናቷ ነው።

ባለሱቁ፦
የኔ እናት፣ ሳጥኑን ከፍተሽዋል? ካልከፈትሽው አትክፈቺው። እውነት ለመናገር ሱቄ ብትመጪ ኖሮ እኔም «የዐረብ አገር ነው፣ ሲም አለው» ብዬ እሸጥልሽ ነበር፤ የ17ቱን ገና አሁን ነው የሰማሁት። ደረሰኝ ላይ ልጻፍ ካላችሁ እንግዲህ መጀመሪያ ራሴ ማወቅ አለብኝ ማለት ነው። እሱን አላሰብኩትም ነበር።

ባሕሬን ያለችው፦
አልከፈትኩትም። እህቴ ጣሊያን ናት፣ ለገና አገር ቤት ትገባለች። የጣሊያኑ ሲም ካለው እሷ ትግዛላት፣ ይህን እኔ እይዘዋለሁ። ጠጋኙ ወንድሜ፣ ሳጥኑ ጀርባ ላይ ከስላሿ በፊት ምን የሚል ፊደል ትፈልግ?

የመገናኛው ጠጋኝ፦
የአውሮፓ ፊደል ብዙ ዓይነት ነው፣ በሱ አትድከም። ሱቁ ውስጥ እንዳለች ማሳያው ላይ ያለውን ስልክ ታንሳና ጎኑን ትየው። መርፌ የምትገባበት ቀዳዳ ካለች ይሄው ነው።