ሊኑክስ ኮምፒውተሮች ከዊንዶውስ በስማቸው አይገኙም

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ኡቡንቱን (አንድ የሊኑክስ ዓይነት) እና ሳምባን (ፋይሎችን ለዊንዶውስ የሚያጋራ ፕሮግራም) ጭኛለሁ። ከመምህራኑ ዊንዶውስ 10 በአይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ በተሰጣቸው ቁጥር) ሲጠሩ ፋይሎቹ ይከፈታሉ፤ በስም ሲጠሩ ግን «አልተገኘም» ይላል። ራውተሩ አድራሻ በቀየረ ቁጥር መምህራኑ አዲስ ቁጥር ፍለጋ ይመጣሉ። የተማሪዎቹ ማንበቢያ ጽሑፍ በሙሉ እዚያ ስለሆነ ጉዳዩ በጣም ያሳስበኛል።

መልስ፦ ሳምባ ውስጥ ፋይል የሚያቀርበው ኤስኤምቢዲ፣ ስም የሚያስተዋውቀው ኤንኤምቢዲ ነው። ሁለተኛው መሥራቱን ያረጋግጡ፤ ፋየርዎሉም (የኔትወርክ መከላከያው) ዩዲፒ 137 የተባለውን የግንኙነት በር ያሳልፍ። የኮምፒውተሩ ስም ከ15 ፊደል አይብለጥ።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ኤንኤምቢዲ ቆሞ ነበር፤ አሁን በስም ይከፈታል። «ኔትወርክ» በሚለው መስኮት ግን አሁንም አይታዩም።

ሌላ መልስ፦ ያ የተለየ ጉዳይ ነው፣ ወንድሜ። የድሮው የኮምፒውተሮች ዝርዝር በኤስኤምቢ 1 (በአሮጌው የፋይል መጋሪያ ስምምነት) ላይ የቆመ ነበር፤ በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የዊንዶውስ 10 እትም 1709 ግን እንደ አዲስ ሲጫን ያንን አያካትትም። ዛሬ ዊንዶውስ የሚያዳምጠው ደብሊውኤስ ዲስከቨሪን፣ ማለትም መሣሪያዎች በኔትወርክ ላይ ራሳቸውን የሚያሳውቁበትን ዘዴ ነው። ስለዚህ ኡቡንቱው ላይ ይህን የሚሠራውን ደብሊውኤስዲዲ የተባለ ፕሮግራም ይጫኑ፤ ፋየርዎሉ ላይም ዩዲፒ 3702 እና ቲሲፒ 5357 የተባሉትን በሮች ይክፈቱ። «ኤስኤምቢ 1ን መልስ» የሚል ምክር ቢያጋጥምዎ አይቀበሉ፤ ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የተዛመተው በእርሱ ቀዳዳ ነው።