ቪዲዮው መጀመሪያ ይውረድ ወይስ መጀመሪያ ይጣራ?

አወያይ፦ አንድ ሰው «ሥራዬን ሰርቀው ዩቲዩብ ላይ ጫኑብኝ» ብሎ የኮፒራይት ቅሬታ ሲያስገባ ቪዲዮው ወዲያው ይውረድ? ወይስ የጫነው ሰው መልስ እስኪሰጥ ይቆይ? በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ (የዩቲዩብ የቅጣት ምልክት) የተመታ ቻናል ሊዘጋ እንደሚችል እያሰባችሁ ተከራከሩ።

ፊልም ሠሪዋ፦ ወዲያው ይውረድ እንጂ! ፊልሙ ገና ሲኒማ ቤት እያለ አንዱ በስልኩ ቀርጾ ይጭነዋል። የፊልም ገቢ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። «እስኪጣራ» ስትሉኝ ብድሬን ማን ይከፍልልኛል? የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ አለልን፣ አውቃለሁ። ግን ፍርድ ቤት ተመላልሼ ውሳኔ እስካገኝ ፊልሜ በየቻናሉ ተበትኗል።

የቻናል ባለቤት፦ እህቴ፣ ሌባው ላይማ ማንም አይከራከርሽም። ግን ቅሬታ ያስገባ ሁሉ ባለቤት ነው ወይ? እኔ በገዛ ካሜራዬ የቀረጽኩትን ቃለ መጠይቅ የማላውቀው ሰው «የኔ ነው» ብሎ አስወርዶታል። በ2019 እ.ኤ.አ. ዩቲዩብ ራሱ አሜሪካ ውስጥ አንድን ሰው ከሶ ነበር። ሰውየው ማይንክራፍት የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ ቪዲዮ በሚጭኑ ልጆች ላይ የሐሰት ቅሬታ ያስገባል፤ ከዚያ «ካልከፈላችሁኝ ሦስተኛውን ስትራይክ እጨምራለሁ» ይላቸዋል። በመጨረሻ 25,000 ዶላር ሊከፍል ተስማማ።

የሕግ ባለሙያ፦ አሠራሩ የመጣው አሜሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. ካወጣችው የዲጂታል ኮፒራይት ሕግ ነው። እንደ ዩቲዩብ ያለ ድርጅት ቅሬታ ሲደርሰው ቶሎ ካወረደ ከተጠያቂነት ይድናል። ስለዚህ ማውረዱ ይቀለዋል። የወረደበት ሰው ደግሞ የተቃውሞ መልስ ማስገባት ይችላል። ከሳሹ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ክስ መመሥረቱን ካላሳየ ቪዲዮው ይመለሳል። ኮንቴንት አይዲ የሚባለው የዩቲዩብ ኮምፒውተር በራሱ ፈልጎ የሚያስገባው ክሌም (የባለቤትነት ጥያቄ) ግን ሌላ ነው፤ እሱ ብቻውን ስትራይክ አያመጣም።

የቻናል ባለቤት፦ መልሱን ለምን እንደማናስገባም ንገራቸው እንጂ! ሙሉ ስምህን፣ አድራሻህን፣ ስልክህን ትሞላለህ። ያ ሁሉ ለከሳሹ ይላክለታል። በዚያ ላይ አሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ብከሰስ እቀርባለሁ ብለህ ትፈርማለህ። ባሕር ዳር ወይም ሪያድ ያለ ልጅ ካሊፎርኒያ ሄዶ ሊሟገት ነው? ፖለቲካ የሚዘግብ ሰውስ የቤቱን አድራሻ ለማያውቀው ሰው ይሰጣል? ዝም ይላል፣ ስትራይኩም እዚያው ይቀራል።

ፊልም ሠሪዋ፦ አድራሻው ካልታወቀ እኔስ ማንን ልክሰስ? እኔም ቅሬታ ሳስገባ ስሜን እሰጣለሁ።

የሕግ ባለሙያ፦ ቪዲዮው የወረደበት ሰው መልሱን ጠበቃ እንዲያስገባለት ማድረግ ይችላል። ችግሩ ጠበቃም በነፃ አይገኝም።

የድሮ ካሴት ሰብሳቢ፦ እኔን የሚያሳስበኝ የቆየው ሙዚቃ ነው። ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ካሴቱን ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ተዘግቷል፣ ድምፃዊው አርፏል፣ ብዙ ጊዜ የጽሑፍ ውልም የለም። ታዲያ ቀድሞ ቅሬታ ያስገባ ባለቤት ይሆናል ማለት ነው? የግጥም ደራሲው ልጆች እዚሁ አዲስ አበባ በችግር እየኖሩ፣ ገንዘቡን ቀድሞ የደረሰ ሰው ሲበላው ያመኛል። ይህን ኮምፒውተር አይፈታውም። ማስረጃ አይቶ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል።

የሕግ ባለሙያ፦ ተከራክሮ መርታትም እኮ አለ። ዩቲዩብ ራሱ ባወጣው ሪፖርት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ኮንቴንት አይዲ ላይ ከተነሱት ክርክሮች 60 በመቶው ለጫነው ሰው ተፈርደዋል።

ፊልም ሠሪዋ፦ የተከራከረውኮ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም! የቀረው ለምን ዝም አለ?

የቻናል ባለቤት፦ ስለፈራ ነዋ! አሁን የነገርኩሽ ይሄንኑ አይደል?

አወያይ፦ እሺ፣ ወደ መፍትሔ እንምጣ። ቅሬታ አስገቢው ከፈለገ ለጫነው ሰው የ7 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ይችላል። ይህ ግዴታ ቢሆንስ?

የቻናል ባለቤት፦ ሲኒማ ላይ ላለ ፊልም ወዲያው ይውረድ፣ እስማማለሁ። ለሌላው ግን ግዴታ ይሁን። የሐሰት ቅሬታ ያስገባም ቅሬታ የማስገባት መብቱን ይነጠቅ።

ፊልም ሠሪዋ፦ በሁለተኛው እስማማለሁ። በ7 ቀኑ ግን አልስማማም። ከሲኒማ የወረደ ፊልምም የኔው ነው።