እግር መንገዱን በእሾህ አጠሩብን፤ በሳይክል የት እንለፍ?

ጠያቂ፦ ባለፔዳል

ሰላም እንዴት ናችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በሳይክል ወደ ዘጌ አቅጣጫ እንወጣለን። ዋናውን መንገድ አንወደውም፤ አቧራውና አይሱዙው አያስነዳም። ስለዚህ በሐይቁ በኩል ማሳ ለማሳ የሚሄደውን እግር መንገድ ለምደናል። ገበያተኛ ይሄድበታል፣ ከብት ይነዳበታል፣ ተማሪም ይመላለስበታል።

ባለፈው ቅዳሜ ስንደርስ በግራር እሾህ ተዘግቷል። ለእግረኛ ቀዳዳ ትተዋል፤ ሳይክል ግን አያሳልፍም። አንዱ ጓደኛችን እሾሁን በእግሩ ገፋ ሲያደርግ ባለማሳው ከሽንኩርቱ መሀል ብድግ አሉ። ዱላ ይዘዋል፣ ግን አላነሱትም። «በእግራችሁ ከሆነ እለፉ። በዚህ ብረት ግን ከእንግዲህ የለም» አሉን። ያ ጓደኛችን ምላሱ አያርፍም፤ «አባባ፣ መሬት እኮ የመንግሥት ነው» አላቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም። ስንመለስ ደግሞ ሁለት ጎማ ፈነዳ።

መንገዱ ሰው ሁሉ የሚሄድበት ሆኖ ሳለ ለሳይክል ብቻ መዝጋት ይችላሉ? ለማን ነው አቤት የሚባለው?

የሽምብጥ ልጅ

መጀመሪያ ማስቲሽና ፓምፕ ይዛችሁ ውጡ። በዚያ በኩል ጎሚስታ የለም። አቤቱታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሕግ ቀማሽ

ጓደኛህ ያለው ግማሹ ልክ ነው፤ ያጣላችሁም ያ ግማሽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ አይሸጥም አይለወጥም። ግን እዚያው አንቀጽ ላይ አርሶ አደሩ በነፃ መሬት የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው። በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ የሠራው ደግሞ የራሱ ነው። ሽንኩርቱ የሳቸው ነው። እሾሁንም ቆርጠው የተከሉት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ አጥር በእግር መግፋት አይበጅም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን (የ1952ቱ) ከአንቀጽ 1359 ጀምሮ ስለ ንብረት አገልግሎት ያወራል። እሱ ግን በአንድ መሬት ላይ ለሌላ መሬት ጥቅም የሚጣል ግዴታ ነው። ለምሳሌ ጎረቤት በማሳህ በኩል ወደ ማሳው እንዲያልፍ። ቅዳሜ ለሽርሽር የሚወጣ ሳይክለኛ በዚያ በኩል ብዙ ተስፋ አይኑረው።

የሚያዋጣው መንገዱ የማን እንደሆነ ማወቅ ነው። የሰውየው የይዞታ ደብተር ካርታ ካለው፣ እግር መንገዱ ከማሳው ውጭ ተለይቶ ወጥቷል ወይስ በማሳው ውስጥ ነው የሚያልፈው? ሁለቱ ለየቅል ናቸው። የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ያውቃል። ሄዳችሁ በትሕትና ጠይቁ። ከዚያ በፊት ክስ ምናምን አትበሉ፤ እንዲህ ያለው ነገር በሽማግሌ ቢያልቅ ይሻላል።

የገበሬ ልጅ

ወንድሜ፣ እኔ እዚያ ሐይቁ ዳር ነው ያደግኩት። ነገሩን ከማሳው ወገን ልንገርህ።

በበጋ አባቴ ውሃ የሚስበው በተከራየው ሞተር ነው። ነዳጁ በገንዘብ ነው፣ ሞተሩም በተራ ነው። ተራው ሌሊት ከደረሰ ሌሊት ይነሳል። ውሃው በቦይ ይመጣል፤ ቦዩ ደግሞ እግር መንገዱን ያቋርጣል። ዳርና ዳሩ በእጅ የተደለደለ ጭቃ ነው፣ ከስንዝር አይበልጥም። ሰው ሲያልፍ ተራምዶት ይሄዳል። ከብትም ቢረግጠው እረኛው መልሶ ይደፍነዋል። ሳይክል ግን ሲያልፍ ጎማው ቀጭን ቦይ ቀዶለት ይሄዳል። ውሃው እሷን ይዞ ወደ መንገዱ ይፈሳል። አባቴ ጫፍ ላይ ቆሞ «ውሃው የት ገባ?» ይላል። ሽንኩርቱ ደርቆ፣ መንገዱ ጠጥቶ!

አራት ሳይክል በየሳምንቱ ሲሆን አስበው። እናንተ ደግሞ ዞር ብላችሁ አታዩትም፤ ክፋት ሳይሆን ፍጥነት ነው። ሰውየው ለእግረኛ ቀዳዳ መተዋቸው ራሱ መልስ ነው። መንገዱን አልዘጉም፣ ጎማውን ነው የዘጉት።

እንዲህ አድርጉ። ቦይ ስታዩ ውረዱና ሳይክሉን ተሸከሙት። የሚሠራ ሰው ስታዩ «እግዜር ያበርታችሁ» ሳትሉ አትለፉ። ደወል እየደወሉ ከኋላ መምጣትማ ነውር ነው፤ ጥጃም ያስደነብራል።

ሊድስ ያለሁት

እዚህ እንግሊዝ አገርም ይኼ ጠብ አለ፤ ገበሬና ሳይክለኛ ሲጨቃጨቁ አይቻለሁ። ሕጋቸው ግን መንገዱን በስም ይለያል። የእግረኛ መንገድ ተብሎ የተመዘገበ ላይ ሕዝቡ የማለፍ መብት ያለው በእግሩ ነው፤ ሳይክል መንዳት የባለመሬቱን ፈቃድ ይፈልጋል። የፈረስ መንገድ በሚባለው ላይ ግን ከ1968 (በፈረንጆች) ጀምሮ ሳይክል ተፈቅዷል፤ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ መስጠት ግን ግዴታ ነው። ስኮትላንድ ደግሞ በ2003 ባወጣችው ሕግ በኃላፊነት እስከሆነ ድረስ በአብዛኛው ገጠር በሳይክል መሄድ ይቻላል። እዚያም ቢሆን ሰብል የበቀለበት ማሳ ውስጥ ገብቶ መንዳት አይፈቀድም።

ይኼን ለአባባ አትንገሯቸው እሺ? «ፈረንጅ እንዲህ ይላል» ያልክ ቀን ሁለተኛ እሾህ ይጨምራሉ።

ዘጌ

ዘጌ ከደረሳችሁ ደግሞ ሳይክሉን መንደሩ ዳር አስቀምጡት። ወደ ገዳማቱ የሚወስደው መንገድ በቡናው ሥር ነው፤ ድንጋይና ሥር ይበዛበታል። እኛ ዘንድ በልማድ መሬት አይታረስም፣ ቡናው ነው ኑሯችን። የወደቀ ፍሬ ላይ መንዳት ያስቀይማል። ካስፈለገ በመልሱ ሳይክላችሁን ጀልባ ላይ ጫኑት፤ ዋጋውን ግን ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ።

ባለፔዳል (ጠያቂው)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሳይክል ሳንይዝ በባጃጅ ሄድን። ቦዩን አየሁት፤ እውነትም የጎማችን ፈለግ አለበት፣ በአዲስ ጭቃ ተደፍኗል። ይቅርታ ጠየቅን። አባባ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ሽንኩርቱ እስኪነሳ ሳይክሉን ገፍታችሁ እለፉ፣ ቦዩ ላይ ተሸከሙት፣ ከዚያ በኋላ እናያለን» አሉ። ቀበሌ አልሄድንም።

ምላሰኛው ጓደኛችን አፍሮ ቀርቷል። ልንሄድ ስንል አባባ ጠሩንና «ያ ጠበቃችሁ የት ቀረ?» አሉ።