የኤቲፒ6 ፕሮቲን ለውጥ ከጤነኛ እናት እንዴት ይወረሳል?

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ሲመሽ ግድግዳ እየዳበሰ መሄድ ከጀመረ ወዲህ ተመርምሮ፣ ኤቲፒ6 በተባለ ዘረመል ላይ ለውጥ እንዳለበት ተነገረን። እናቱ ግን ጤነኛ ናት፤ ታዲያ ከእርሷ ወረሰው የሚባለው እንዴት ነው?

መልስ 1፦ እግዚአብሔር ይማርልዎ። በዚህ ዘረመል መመሪያ የሚሠራው ኤቲፒ6 ፕሮቲን ኤቲፒ ሲንቴዝ የተባለው ኢንዛይም አካል ሲሆን፣ ይህም ኢንዛይም የሴሉ ኃይል ማመንጫ በሆነው በሚቶኮንድሪያ የውስጥ ሽፋን ላይ ተተክሎ፣ ፕሮቶኖች ሲያልፉበት ውኃ የወፍጮን መዘውር እንደሚያዞር ሁሉ እየተሽከረከረ ለሴሉ ኃይል የሚሆነውን ኤቲፒ ያመርታል። በ1990 በተገለጸው የታወቀ ለውጥ፣ በሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ 8993ኛ ቦታ ላይ ቲ የተባለው የዲኤንኤ ፊደል በጂ ሲተካ፣ በፕሮቲኑ ውስጥ ሉሲን የነበረው አሚኖ አሲድ አርጂኒን ይሆንና ምርቱ ይደናቀፋል።

መልስ 2፦ ወሳኙ የተለወጡት የዲኤንኤ ቅጂዎች ድርሻ ነው። በአንድ ሴል ውስጥ ብዙ የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ቅጂዎች ስላሉ፣ በዚህ ለውጥ የተነኩት ከ60 በመቶ በታች ሲሆኑ ሰውየው ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ይመስላል፤ ከ70 እስከ 90 በመቶ ሲደርሱ የዓይን መድከምና መንገዳገድ፣ ከዚያ ሲያልፉ ደግሞ ሕፃናትን የሚጎዳው ሊ ሲንድረም የተባለ የአንጎል በሽታ ይከተላል። ድርሻው ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ በእጅጉ ሊጨምር ይችላልና፣ እባክዎ እህትዎ ራሷን እንዳትወቅስ ያስረዷት።

መልስ 3፦ የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የሚወረሰው ከእናት ስለሆነ፣ ልጁ ወንድ በመሆኑ ለልጆቹ አያስተላልፍም፤ እህቶች ካሉት ግን የዘረመል ምክር ያግኙ።