ያላሳተመ ደራሲ ወኪል ይፈልግ ወይስ በቀጥታ የአሳታሚ በር ያንኳኳ?

ባለረቂቅ፦
ሰላም ወገኖች። ልቦለዴን ጨርሼ ካስቀመጥኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። 90,000 ቃል ገደማ ነው። እስካሁን ለ31 የሥነ ጽሑፍ ወኪሎች፣ ማለትም የደራሲን ረቂቅ ለአሳታሚ ለሚያቀርቡና ውሉን ለሚደራደሩ ሰዎች፣ ደብዳቤ ልኬያለሁ። 19ኙ ጭራሽ አልመለሱልኝም። 11ዱ «ለእኛ አይሆንም» አሉ። አንዷ ብቻ ሙሉውን ረቂቅ ላኪልኝ አለችኝ። ደስ ብሎኝ በዚያው ሌሊት ላክሁላት። ይኸው አራት ወር አለፈ፣ ድምጿ የለም።

ባለቤቴ «ወኪሉን ተዪና ቀጥታ ለአሳታሚ ላኪው» ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ «ያለ ወኪል ከሄድሽ ውሉ ላይ ይጫወቱብሻል» ትላለች። እናንተስ ምን ትላላችሁ? አንድም መጽሐፍ ያላሳተመ ሰው ወኪል መፈለጉ ይበጀዋል ወይስ ዕድሜውን ይበላዋል? ማጽናኛ አልፈልግም። ተከራከሩልኝ።

ስድስተኛ ዓመት፦
ዕድሜሽን ይበላዋል። የእኔን ስድስት ዓመት በልቶታል። በሁለት ረቂቅ ከመቶ በላይ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሲጀምሩት ቀላል ይመስላል። አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ አንድ ገጽ ሲኖፕሲስ (የታሪኩ ማጠቃለያ)፣ የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ገጾች፣ በቃ። ግን እያንዳንዱ ወኪል የራሱ ሕግ አለው። አንዱ አምስት ገጽ ይላል፣ አንዱ ሦስት ምዕራፍ፣ ሌላው ቅጽ ያስሞላሻል።

እኔን የሚያንገበግበኝ እምቢ መባሉ አይደለም። ዝምታው ነው። ብዙዎቹ ገና ሳትልኪ «በ8 ሳምንት ውስጥ መልስ ካላገኛችሁ አልተቀበልነውም ማለት ነው» ብለው ያስጠነቅቃሉ። ሰው ሦስት ዓመት የለፋበትን ሥራ በአንድ መስመር «አይሆንም» ማለት ያቅታል? እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ መልስ ለማይሰጥ ወኪል ማናችንም ረቂቅ መላክ የለብንም።

ተርጓሚዋ፦
ስለ ዝምታው ካንተ ጋር ነኝ። ስለ ቀሪው አይደለሁም።

አሮጌው አርታኢ፦
ልጄ፣ ምሬትህ ይገባኛል። እኔ ለብዙ ዓመት በአንድ አሳታሚ ቤት ረቂቅ እያነበብኩ መርጬ ነው ጡረታ የወጣሁት። እስቲ ነገሩን ከገንዘቡ ልጀምረው።

ወኪል የሚኖረው ከደራሲው ገቢ በሚደርሰው ኮሚሽን ነው። ባገር ውስጥ ሽያጭ 15 በመቶ፣ በውጭ አገር የትርጉም ሽያጭ 20 በመቶ የተለመደ ነው። (ሥራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ለንደን ላይ ሲጀመር፣ ኤ. ፒ. ዋት የሚባለው ወኪል የሚወስደው 10 በመቶ ነበር።) መጽሐፉ ካልተሸጠ ወኪሉ ሳንቲም አያገኝም። የጀማሪውን ደብዳቤ ሲያነብ የሚከፍለው የለም። ቀኑን የሚያውለው ቀድሞ ለያዛቸው ደራሲዎች ነው። አዲስ ደብዳቤ የሚያየው ብዙውን ጊዜ ማታና ቅዳሜና እሁድ ነው። ዝምታው ልክ ነው አላልኩም። ምንጩ ግን ንቀት አይደለም።

ትልልቆቹ አሳታሚዎች፣ እነ ፔንግዊን ራንደም ሐውስ፣ ሐርፐር ኮሊንስ፣ ሳይመን ኤንድ ሹስተር፣ አሼት፣ ማክሚላን፣ ከጥቂት ክፍሎቻቸው በቀር ያለ ወኪል የመጣ ረቂቅ አያዩም። በኛም ቤት እንዲያው በፖስታ የመጣው ክምር ጥግ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ወራት ያልፉታል። የማውቀው ወኪል ሲደውል ግን እዚያው አነሳለሁ። ለምን? ባለፈው ያመጣልኝ ሦስት ረቂቅ ደህና ነበር። አራተኛውንም አምነዋለሁ። ወኪል ይዞ የሚዞረው ይህን እምነት ነው።

ባለረቂቅ ልጄ፣ አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ተስፋ ቆርጠሽ ረቂቁን ላገኘሽው አሳታሚ ሁሉ አትበትኚው። ነገ ወኪል ብታገኚ «እስካሁን ማን ማን አይቶታል?» ብሎ ይጠይቅሻል። አሥር አሳታሚ አይቶ መልሶታል ካልሽው እጁ ታስሯል። እምቢ ያለ ቤት ያንኑ መጽሐፍ ይዞ ሁለተኛ አይኬድም።

ራሴ አሳታሚ፦
ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር፣ እርስዎ የሚያወሩት ስለ ትልልቆቹ ብቻ ነው። ያለ ወኪል በራቸውን የሚከፍቱ ትንንሽ አሳታሚዎች ሞልተዋል። የግጥም መድበል የሚይዝ ወኪልማ ፈልጎ ማግኘትም ከባድ ነው፤ ገጣሚ ድሮም ራሱ ነው የሚልከው።

ደግሞስ አሳታሚ ለምን? አማዞን ኪንድል የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ (ኢመጽሐፍ) ማንበቢያ ካመጣበት ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማንም ሰው መጽሐፉን ራሱ ማውጣት ይችላል። ዋጋውን አማዞን ባስቀመጠው ወሰን ውስጥ ካደረግህ ከኢመጽሐፉ ሽያጭ 70 በመቶው ያንተ ነው። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ለኢመጽሐፍ የሚሰጡት ከተጣራ ገቢያቸው 25 በመቶ ነው። ከዚያ ላይ ወኪሉ የራሱን ያነሳል። ሒሳቡን ሥሩት።

እኔ የመጀመሪያ መጽሐፌን እንዲህ ነው ያወጣሁት። አልጋ በአልጋ አልነበረም። ለአርታኢም ለሽፋን ሠሪም ከኪሴ ከፍያለሁ። ወጪዬን ለመመለስ 14 ወር ፈጅቶብኛል። ማታ ማታ የምጽፍበትን ሰዓት ማስታወቂያ በላብኝ። ግን የፈረደኝ አንባቢ ነው፤ የማላውቀው ሰው በር ላይ ቆሜ አልቀረሁም።

ስድስተኛ ዓመት፦
ይኸው! እኔም የምለው ይህንን ነው።

አሮጌው አርታኢ፦
ማስታወቂያው የመጻፊያ ሰዓቱን መብላቱንም ልብ በልልኝ።

ተርጓሚዋ፦
ጥያቄው ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ያለው አይመስለኝም። ወኪል የግድ የሆነው በዋናነት በእንግሊዝኛው ገበያ ነው። በብዙ ቋንቋዎች ደራሲ እስካሁን ቀጥታ ከአሳታሚ ጋር ነው የሚነጋገረው። በሌላ ቋንቋ ተጽፎ ለለንደን ወይም ለኒውዮርክ ወኪል የሚቀርብ መጽሐፍ ደግሞ ቢያንስ በደንብ የተተረጎመ ናሙና ይፈልጋል። ልቦለድ ያልሆነም የተለየ ነው፤ ዕቅዱና ናሙና ምዕራፎቹ ካሉ መጽሐፉ ሳያልቅ ወኪል መፈለግ ይቻላል። ልቦለድ ግን አልቆ ነው የሚቀርበው።

የውል አንባቢ፦
እኔ ወደ ጓደኛዋ ስጋት ልመለስ። «ውሉ ላይ ይጫወቱብሻል» ያለችው ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የማውቀው ልጅ ያለ ወኪል ከአንድ አነስተኛ አሳታሚ ውል ይዞ መጣ። ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል። ነገ ሊፈርም ነው። «እስቲ አንዴ ልየው» አልኩት። ስድስት ገጽ ነው። ሁለተኛው ገጽ መሐል ላይ እንዲህ ይላል፦ «ደራሲው ሥራውን በሁሉም ቋንቋና በማናቸውም መልክ የማሳተም፣ የማሰራጨትና ለሌላ የማስተላለፍ መብቱን የቅጂ መብት ዘመኑ እስኪያበቃ ለአሳታሚው ሰጥቷል።» አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ትርጉም ሄደ፣ የድምፅ መጽሐፍ ሄደ፣ ፊልም ሄደ። የቅጂ መብት ዘመን ደግሞ በብዙ አገሮች ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ወይም 70 ዓመት ድረስ ነው። የልጅ ልጆቹም በቀላሉ ሊያስመልሱት አይችሉም። መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ መብቱ ለደራሲው ይመለሳል የሚል አንቀጽ ፈለግሁ፤ የለም።

ወኪል ቢኖረው ያቺን ዓረፍተ ነገር አያሳልፋትም ነበር። መብቱን እየቆራረጠ ለየብቻ ነው የሚሸጠው። ትርጉሙን ለአንዱ፣ ድምፁን ለሌላው። 15 በመቶው የሚከፈለው ለዚህ ነው።

ስድስተኛ ዓመት፦
ታዲያ ለዚህ ወኪል ምን ያደርጋል? ጠበቃ ይበቃል። አንዴ ይከፈለዋል፣ ያነባል፣ ይሄዳል። ወኪል ግን መጽሐፉ እስከተሸጠ ድረስ ከእያንዳንዱ ክፍያ ይቆርጣል። ብትለያዩ እንኳ እሱ ለሸጠው መጽሐፍ ኮሚሽኑ ይቀጥላል። ወኪልህን ከቀየርክ በኋላም ክፍያው መጀመሪያ እሱ ጋ ገብቶ የቀረውን ነው የሚልክልህ።

የውል አንባቢ፦
ልክ ነህ፣ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ከወኪሉ ጋር የሚፈረመውም ውል መነበብ አለበት። በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ መለያየት ይቻላል? ኮሚሽኑ እሱ ለሸጠው ብቻ ነው ወይስ ወደፊት ለምትጽፈው ሁሉ? የመጀመሪያው አግባብ ነው። ሁለተኛውን አትፈርም። ጠበቃንም በተመለከተ፣ እንግሊዝ ውስጥ የደራሲዎች ማኅበሩ፣ አሜሪካ ውስጥ ኦተርስ ጊልድ ለአባላቸው ውል ያነባሉ። ያለ ወኪል ውል የመጣለት ሰው ቢያንስ ይህንን ያድርግ።

አሮጌው አርታኢ፦
ጠበቃ ውል ያያል፤ ውል የሚያመጣው ግን ሌላ ሰው ነው።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ ላቋርጣችሁ። እኔን አንድ ወኪል ነኝ ያለ ሰው ረቂቄን ወዶታል። ግን «የንባብና የግምገማ» ብሎ አስቀድሜ እንድከፍል ጠየቀኝ። በሦስት ቀን ካልከፈልኩ ዕድሉ ያልፋል አለኝ። ይህ የተለመደ ነው?

የውል አንባቢ፦
አይደለም። እንዳትከፍል!

ራሴ አሳታሚ፦
ወንድሜ፣ በፍጹም እንዳትከፍል። ከጋሼ ጋር በሌላው ሁሉ ባንስማማም በዚህ አንድ ነን።

አሮጌው አርታኢ፦
አንድ ነን። ልጄ፣ ገንዘብ ወደ ደራሲው ነው የሚመጣው፣ ከደራሲው አይወጣም። የአሜሪካም የእንግሊዝም የወኪሎች ማኅበራት አባሎቻቸው ለንባብ እንዳያስከፍሉ ከልክለዋል። የሚያስቸኩልህ ሰው ደግሞ በራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። እውነተኛ ወኪል «ልወክልህ እፈልጋለሁ» ሲልህ፣ ረቂቅህን ለያዙት ለሌሎቹ አሳውቀህ እንድትወስን አንድ ሁለት ሳምንት ይሰጥሃል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያሉ አጭበርባሪዎችን እየተከታተለ የሚያጋልጥ ራይተር ቢዌር የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ የሰውየውን ስም እዚያ ፈልገው። ከዚያ ደግሞ እሱን ራሱን ጠይቀው፦ ማንን ሸጠሃል? ለየትኛው አሳታሚ? የሸጠ ሰው ይህን አይደብቅም።

አዲስ ገቢ፦
ጠየቅኩት። «ምስጢር ነው» አለኝ። ገባኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ተርጓሚዋ፦
ባለረቂቅ እህቴ፣ እስካሁን አንድ ነገር አልጠየቅንሽም። ከ31 ደብዳቤ አንድ ብቻ ሙሉ ረቂቅ ካስጠየቀ፣ ችግሩ ረቂቁ ላይሆን ይችላል። ደብዳቤው ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን አንቀጽ አሳዪን።

ባለረቂቅ፦
እያፈርኩም ቢሆን ይኸው፦

«ውድ የሥነ ጽሑፍ ወኪል፣ ልቦለዴ ስለ ፍቅር፣ ስለ ምስጢርና ስለ ይቅርታ የሚያወሳ፣ የሰውን ልጅ ነፍስ በጥልቀት የሚመረምር ሥራ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የመጻፍ ፍቅር አለኝ። ያነበቡት ሁሉ እጅግ ወደውታል።»

አሮጌው አርታኢ፦
ልጄ፣ ከዚህ ውስጥ ታሪኩ የት አለ? እኔ ይህን አንቀጽ በሺህ ደብዳቤ ላይ አንብቤዋለሁ። ፍቅርና ይቅርታ የሌለበት ልቦለድ የትኛው ነው? «ውድ ወኪል» ደግሞ ለሁሉም እንደተላከ ይናገራል። በስሟ ጥሪያት። ያነበቡት ሁሉ ወደዱት ያልሻቸው ዘመዶችሽ እንደሆኑ ታውቃለች። እስቲ እዚሁ በቃልሽ ንገሪኝ፤ ሴትዮዋ ማን ናት? ምን ልትሆን ነው?

ባለረቂቅ፦
አዋላጅ ናት። ከ30 ዓመት በፊት በአንድ ሌሊት የተወለዱ ሁለት ሴት ልጆችን ሆን ብላ አቀያይራለች። ምክንያት ነበራት። አሁን አንደኛዋ ልጅ ለእናቷ ኩላሊት ልትሰጥ ነው። የምርመራው ውጤት ሐሙስ ይወጣል። አዋላጇ ከሐሙስ በፊት መናገር አለባት።

ራሴ አሳታሚ፦
እንዴ! ይህ ሁሉ እያለ ነው «የሰውን ልጅ ነፍስ» ያልሽው?

አሮጌው አርታኢ፦
አሁን የነገርሽንን እንዳለ ጻፊው። ቃል አትጨምሪበት። ቀጥሎ የቃሉን ብዛት፣ ዓይነቱን፣ ስለ ራስሽ ሁለት መስመር። ሳታሳትሚ መቆየትሽን ይቅርታ አትጠይቂበት፤ ጀማሪ የሚፈልግ ወኪል ሞልቷል። በአንዴም ለሁሉም አትላኪው። ለአምስት ስድስት ላኪና ምላሹን አይተሽ አስተካክዪው።

ስድስተኛ ዓመት፦
እኔ አሁንም አልተረታሁም። ይህን ያህል ጥሩ ታሪክ የያዘ ሰው 19 ጊዜ ዝም ከተባለ፣ አሠራሩ ራሱ ታሟል። ደብዳቤ መጻፍና ልቦለድ መጻፍ የተለያየ ሙያ ነው። በአንዱ ድክመት ሌላው መሬት አይቀበርም።

ተርጓሚዋ፦
ይህ እውነት ነው። ጋሼም ቢሆኑ የሚክዱት አይመስለኝም።

አሮጌው አርታኢ፦
አልክድም። በዚያ ክምር ውስጥ ሳላያቸው ያለፉኝ ጥሩ መጻሕፍት እንደነበሩ አውቃለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ባለረቂቅ፦
ሙሉውን ረቂቅ የያዘችውስ? አራት ወር ሆኗታል። ብጠይቃት አስቀይማት ይሆን? ወይስ ራሴን አስጠላ ይሆን?

የውል አንባቢ፦
ሦስት ወር ካለፈ መጠየቅ ነውር የለውም። ሁለት መስመር ይበቃል። የመጽሐፉን ርዕስ፣ የላክሽበትን ቀን፣ «አሁንም እያዩት እንደሆነ ላውቅ ብዬ ነው» በያት። አትውቀሻት፣ አትለማመጫትም።

ስድስተኛ ዓመት፦
ዛሬውኑ ላኪው እህቴ። እኔ ሳልጠይቅ ሰባት ወር ጠብቄ ነው የቀረሁት። በኋላ ስሰማ ወኪሏ ሥራውን ትታ ነበር።

ባለረቂቅ፦
ላክሁት። አሁን፣ 3 ሰዓት ከ20 ላይ።