አቧራማና ጉብታ የበዛበት ሜዳ ላይ የባጊዬ ኋላ ይነጥራል፤ ምን ላስተካክል?

ቀይ ባጊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ በሪሞት የሚሠራ 1/10 (የእውነተኛው መኪና አንድ አስረኛ የሚያህል) የኤሌክትሪክ ባጊ ነው፤ የሚነዳው የኋላ ጎማ ብቻ ነው። ሜዳው ደረቅ አፈር ሆኖ ላዩ ላይ ብናኝ አቧራ አለ፣ የመታጠፊያው መውጫ ደግሞ በተከታታይ ትናንሽ ጉብታዎች ተሞልቷል። እዚያ ኃይል ስሰጠው ኋላው ይነጥርና ይዞርብኛል። የሾክ ዘይት ውፍረት ከፊት 40፣ ከኋላ 35፤ ሾኩ ውስጥ ዘይቱን የሚያሳልፉት ፒስተኖች ባለ ሁለት ቀዳዳ፣ የቀዳዳው ስፋት 1.6 ሚሜ። የኋላ ስታቢላይዘር (ግራና ቀኙን የሚያያይዝ ዘንግ) አለው። የኋላ ሞላውን ለማጠንከር ሾኩ ላይ ሞላውን የሚጫነውን ቀለበት አጥብቄ የሻንሲው ከፍታ ከ19 ወደ 27 ሚሜ ወጣ፤ ግን ባሰበት።

ሞላና ዘይት፦
ቀለበት ማጥበቅ ሞላን አያጠነክርም። ጥንካሬው የሚመጣው ከሽቦው ውፍረትና ከጥምዙ ብዛት ነው፤ ቀለበቱ የሚቀይረው መኪናው የሚቆምበትን ከፍታ ብቻ ነው። 27 ላይ ሾኩ መዘርጋት የሚችለውን ጨርሶ ነው የቆመው። ስለዚህ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚከተልበት ርቀት አጥቶ አየር ላይ ይቀራል፣ እዚያ በባዶ ይሽከረከራል፣ ሲያርፍ መሬቱን ይቧጥጣል። የሚያዞርብህ ይሄ ነው።

ባትሪውን ገጥመህ መኪናውን ከ15–20 ሴሜ ጣለው፣ ሲረጋ ከሻንሲው ስር ለካ። ኋላውን 23፣ ፊቱን 22 አድርገህ ጀምር። 19 ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሜዳ ዝቅ ይላል፤ ሆዱ ጉብታ ይመታል። የኋላ ስታቢላይዘሩን አውልቀው፤ አንዱ ጎማ ሲነሳ ሌላኛውንም ይዞት ይነሳል።

አቧራ ወዳጅ፦
ዘይት ከመቀየርህ በፊት ሾኮቹን አውልቅና እያንዳንዱን ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) በጣትህ አንስተህ ልቀቀው። በራሱ ክብደት እስከ ታች መውረድ አለበት። መሃል ላይ ከቆመ ብራቾው የሚታጠፍበትን ፒን አውጥተህ መስታወት ላይ አንከባለው፤ ከዘለለ ጎብጧል፣ ይቀየር። ቀጥ ያለ ከሆነ አቧራውን በብሩሽ ጥረግ። ዘይት አትቀባው፣ አቧራ ይሰበስባል። ቴስቲኒዎቹንም (ባለ ኳስ መገጣጠሚያዎቹን) እንዲሁ ፈትሽ። የሚይዝ ብራቾ እያለ ሾክ ማስተካከል ድካም ብቻ ነው።

ከዚያ ዘይቱን ከፊት ወደ 35፣ ከኋላ ወደ 30 አውርድ፤ ከኋላ አንድ ደረጃ ለስለስ ያለ ሞላ ግጠም።

ፒስተን፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ በዘይቱ ግን አይደለም። ዘይት ብቻ ካቀጠንክ ከዝላይ ሲያርፍ ሻንሲው መሬት ይመታል፤ ትንንሾቹ ጉብታዎችም አይሻሻሉም። ፒስተኑ በፍጥነት ሲመታ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ አላልፍ ይላል፣ ሾኩ ለቅጽበት ደረቅ እንጨት ይሆናል። የሚነጥረው ያኔ ነው። የኋላውን ፒስተን 1.7 አድርግና ዘይቱን 32.5 ላይ ተው። ቀስ ብለህ ስትጫነው 1.6 ፒስተን በ30 ዘይት ከሚሰጠው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ታገኘዋለህ፤ ሹል ምት ላይ ግን ይለቃል። የዘይት ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) ተመልከት።

ስትሞላ ፒስተኑን ቀስ ብለህ ወደላይ ወደታች አንቀሳቅሰህ አረፋው እስኪጠፋ ጠብቅ። ግራና ቀኙን ጎን ለጎን ይዘህ ተጫን፤ አንዱ ፈጥኖ ከተመለሰ አየር አለው ወይም ጎሚኒው (የሾኩ ላስቲክ) አርጅቷል።

ቀይ ባጊ፦
አመሰግናለሁ። ከፒስተኑ ስር 1 ሚሜ ሮንደላ አለ፤ ላውጣው? ጎማዬስ ሰፋፊ ጥርስ ያለው ነው።

ሞላና ዘይት፦
አውጣው፤ ጎማው ይበልጥ ወደ ታች ይወርዳል። ብራቾው ጨርሶ ሲወርድ አክስሉን በእጅህ አዙረው፣ ከያዘ ግን መልሰው። ጎማውን ወደ ለስላሳና ጥቃቅን ጥርስ ቀይር፣ ያውም ከሾኩ በፊት፤ ብናኙ ስር ያለውን ጠንካራ አፈር የሚያገኘው እሱ ነው።

አቧራ ወዳጅ፦
አሁንም መውጫው ላይ ከነጠረ አንቲ-ስኳቱን (የኋላ ብራቾው ፒን ፊቱ ከኋላው ከፍ የሚልበትን ማዕዘን) በ1 ዲግሪ ቀንስ። ሲበዛ ኃይል ስትሰጥ ኋላው ይደርቃል፣ ጉብታ አይውጥም። ባትሪው ወደኋላ መግፋት የሚችል ከሆነ ግፋው፤ ፊቱ መታጠፍ እምቢ ካለ ግማሹን መልሰው። ስሊፐሩን (ኃይል ሲበዛ የሚንሸራተተውን ክላች) ደግሞ ከቆመበት ሲነሳ ግማሽ ሜትር ያህል እንዲንሸራተት አላላው።